በብርማዋ ሴትዮ ፊት

ሚያዝያ 14

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? ባለቤትዎ እትዬስ እንዴት ናት? የልጄን የድንቡሼን ሁለቱንም ጉንጮች ሳሙልኝ። እኔ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ጉልበትዎን ግን አልጠይቅም። ጉልበትዎ ከእኔ ጉልበት የተሻለ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ።

ቅዳሜ ዕለት የሙዚየሙን ደረጃ ከእትዬ ጋር ተሽቀዳድመው ሲወጡ አየሁ። እሷ ስትቀድምዎት ቀሚሷን ይዘው ወደ ኋላ ጎተቷት፤ እሷም በባርኔጣዋ መታችዎት። ሁለታችሁም ከመንገድ ዳር የሚሸጠውን፣ አገር ጎብኚ ካልሆነ ማንም የማይገዛውን የሳር ባርኔጣ ገዝታችሁ ነበር። ከላይ ደርሰው ለሕዝቡ እጅዎን ሲያወዛውዙ ሰው ሁሉ አጨበጨበልዎት። እኔ አላጨበጨብኩም፤ ለምን እንደሆነ እነግርዎታለሁ።

በመጀመሪያ ግን በየካቲት የጻፉልኝን ላስታውስዎት። "ጉልበቴ ከቤት እስከ ሱቅ አያደርሰኝም፤ ባለቤቴም አውቶቡስ ገና ስታይ ያጥወለውላታል፤ ስለዚህ ድንቡሼን ይዘንልሽ መምጣት የማይታሰብ ነው" ብለው ነበር። አምኜዎት አለቀስኩ። የልጄ የመግቢያ ፈቃድ ነሐሴ ሲያልቅ አብሮ እንደሚያልቅ ነግሬዎታለሁ። የእኔ የመኖሪያ ወረቀት ገና በሂደት ላይ ስለሆነ፣ ከዚህ አገር ከወጣሁ ተመልሼ እንደማልገባም ነግሬዎታለሁ። ይህን ሁሉ እያወቁ፣ እኔ ያለሁበት ከተማ ድረስ መጥተው፣ አይስክሬም በልተው፣ በሬን ሳያንኳኩ ተመለሱ። ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለዎት?

የት ሆነሽ አየሽን ይሉኝ ይሆናል። ፊት ለፊታችሁ ነበርኩ። ከሙዚየሙ በር አጠገብ በእንጨት ሳጥን ላይ የቆመችው፣ ከፀጉሯ እስከ ጫማዋ በብር ቀለም የተቀባችው፣ ጃንጥላ የያዘችው ሴትዮ እኔ ነኝ።

ሙዚየም ውስጥ እሠራለሁ ብዬ ነበር የጻፍኩት። ውስጥ ሳይሆን በር ላይ ነው። ሥራዬ አለመንቀሳቀስ ነው። ሰው ቆርቆሮዬ ውስጥ ሳንቲም ሲጥል ጃንጥላዬን አንዴ አዞራለሁ፣ ከዚያ ተመልሼ ሐውልት እሆናለሁ። ስለ እሱ በኋላ ይቆጡኛል። አሁን ተራው የእኔ ነው።

መጥተው ባርኔጣዎን አናቴ ላይ ደፉ። ክንድዎን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው እትዬን "አንሺን" አሏት። "ይቺን አግብቼ ቢሆን ኖሮ በሰላም አረጅ ነበር፤ አትጨቀጭቅ፣ አትለፈልፍ" አሉ። እትዬም "እንግዲያው ካልሲህን እሷ ትጠብልህ" አለችዎት። ባላችሁበት ከተማ ቋንቋችንን የሚያውቅ የለም ብላችሁ ድምፃችሁን ለቃችሁ ነበር የምታወሩት። ከዚያ ቆርቆሮዬ ውስጥ የጣሉት ሳንቲም መስሎኝ ነበር፤ ማታ ሳየው የኮት ቁልፍ ሆኖ አገኘሁት። ዕድሜ ልኩን ልብስ የሰፋ ሰው ከኪሱ ቁልፍ እንደማያጣ አውቃለሁ። ጃንጥላዬን ግን አዞርኩልዎት።

ይህም ሁሉ ግድ የለም ነበር። ሳጥኔ ሥር አረፍ ብላችሁ ያወራችሁት ነው ቆሽቴን ያሳረረው። ቃል በቃል ይኸውልዎት።

"ቤቷ ከዚህ ሩቅ አይደለም" አለች እትዬ።

"ይሁና" አሉ እርስዎ።

"ታዲያ ልንሄድ ነው ወይስ ልንቀር ነው?"

"ሄደን ምን ልንላት? ካየችን ልጄን አምጡ ማለቷ አይቀርም። ነሐሴ እስኪያልቅ ዝም ማለት ነው። ፈቃዱ ሲቃጠል ነገሩም በራሱ ጊዜ ይሞታል።"

ከዚያ እትዬ ብድግ ብላ እጅዎን ያዘችና ወደ ጎብኚዎቹ ጀልባ ጎተተችዎት። እየሳቃችሁ ሄዳችሁ።

እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉኝ እርስዎ ስለሆኑ አንቱታውን አልነፍግዎትም። ከአንቱታው በቀር ግን የቀረልኝ የለም። ልጄን አምጡልኝ። ይህ ልመና አይደለም።

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 29

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለእንዝርት፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። ድንቡሼም ደህና ናት፤ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። የዘገየሁት ታምሜ አይደለም፣ ተናድጄ ነው። ጀምሬ የቀደድኩት ወረቀት የስፌት መኪናዬን ሥር ሞልቶታል። ስልክ ያልደወልኩትም ስልኩን የምታነሳው ልጅቷ ስለሆነች ነው፤ እሷ እየሰማች ልጮህብሽ አልፈልግም።

መጀመሪያ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰው በአጎቱ ፊት ቆሞ፣ ድምፁን አጥፍቶ ወሬ ይሰማል? "ጋሼ፣ እኔ ነኝ" ለማለት ምን ያንስሻል? ምላስሽንም ቀብተውት ነበር? ፊት ለፊት ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው ባል ከሚስቱ ጋር የሚያወራውን ቆሞ ከቀዳ በኋላ በፖስታ አይልክም።

ሄዳችሁ ተዝናናችሁ ብለሽ ከሰስሽን። አዎ ተዝናናን። ጉዞውን ያዘጋጀው የጡረተኞች ማኅበር ነው። እኔ ዕድሜዬን በስፌት መኪና ላይ ጎብጬ ጨረስኩ፤ ባለቤቴም ከጎኔ የቁልፍ ቀዳዳ ስትዘመዝም ዓይኗን ጨረሰች። አንድ ቀን እንደ ልጅ ብንሆን ማን ምን አገባው? አስጎብኚዋ ከተጋባችሁ ስንት ጊዜያችሁ ነው ስትለን "ትናንት ነው፤ ወላጆቿ እምቢ ብለውን ጠልፌያት ነው" አልኳት። ምስኪን አምናኝ ለአውቶቡሱ ሁሉ በድምፅ ማጉያው አወጀችው። አንዱ ጡረተኛ አበባ ከየት እንዳመጣ እንጃ፣ ለባለቤቴ ሰጣት። ትልቁ ሰዓት ያለበት ግንብ ላይ ወጥተን ከተማውን ሁሉ ቁልቁል አየን፤ እሷ ጣሪያዎቹን እያየች "ይህን ሁሉ ማን ይጠግነዋል?" አለች። ጀልባው ላይ አኮርዲዮን የሚጫወት ሰው ነበር፤ ቆመን ጨፈርን፤ ጀልባው ሲያዘነብል ተቀመጡ ብለው ተቆጡን። ተቀመጥን፤ ዘወር ሲሉ ደግሞ ተነሣን። ጉልበቴ ያን ቀን አላመመኝም። በማግሥቱ ከአልጋ መውረድ አቅቶኝ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ሙዚየም ውስጥ ነኝ ብለሽ ስትጽፊ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰለቸኝ ድረስ አወራሁልሽ። "የእህቴ ልጅ የጥንት ዕቃ ትጠብቃለች" አልኩ። ለካ ዕቃው ራስሽ ነሽ። እሺ፣ ልጅቷ ብትመጣ ማን ጋ ነው የምታውለው? ሳጥኑ ሥር ታስቀምጫታለሽ? ሰው እየመጣ አናትሽ ላይ ባርኔጣ ሲደፋብሽ ልትመለከት ነው? እዚህ የራሷ አልጋ አላት፣ ትምህርት ቤት አላት፣ ስትነጫነጭ የሚያባብላት ሰው አላት። ጡት ባስጣልሽ ማግሥት ሰጥተሽን ሄድሽ። ያጎረስናት፣ ዳዴ ያስባልናት፣ ያስታመምናት እኛ ነን። በፈለግሽ ቀን መጥተሽ የምትረከቢው ሻንጣ አይደለችም።

የቁልፉ ነገር ቀልድ ነው። ያንን ያህል የሚያስቆጣ ነገር አልመሰለኝም።

አላመጣትም። ቁርጡን እወቂው።

አጎትሽ


ሰኔ 10

ይድረስ ለአጎቴ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ቁጣዎንም አያጉድልብኝ፤ ሲቆጡ ቢያንስ እውነቱን ይጽፋሉ።

ለምን ዝም አልሽ ብለውኛል። ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ሲሰማ እስከ መጨረሻው መስማት ይፈልጋል። "ነሐሴ እስኪያልቅ ዝም ማለት ነው" ካሉ በኋላ አንድ ቃል የሚጨምሩ መስሎኝ ጠበቅሁ። "ታሳዝነኛለች" ይሉ ይሆናል ብዬ ነው። እንደዚያ ቢሉ ኖሮ ከሳጥኑ ወርጄ እቅፍዎ ውስጥ እገባ ነበር፣ ኮትዎም በብር ቀለም ይበላሽ ነበር። እርስዎ ግን የጀልባው ወረፋ እንዳያልፋችሁ ብቻ ነው የተጨነቁት።

ዕቃ ነሽ ብለውኛል። አንብቤ ወረቀቱን አጠፍኩና ሥራ ሄድኩ። ቆሜ ስውል ምን እንደማስብ ያውቃሉ? ድንቡሼን ነው። የቀኝ እግሬ መደንዘዝ ሲጀምር ከትምህርት ቤት እየወጣች ነው እላለሁ። ጀርባዬን ሲወጋኝ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነው፣ እርሳሷን እየበላች ነው እላለሁ። ፀሐይ ከሙዚየሙ ጀርባ ስትገባ እግሯን ታጥባ ተኝታለች እላለሁ፤ ከዚያ ሳጥኔን ተሸክሜ ቤቴ እገባለሁ። ቤቴ አንድ ክፍል ነው። መስኮቱ ሥር የልጅ አልጋ ገዝቼ አንሶላውን አንጥፌዋለሁ። ማንም ስለማይተኛበት በየሳምንቱ አቧራውን አራግፋለሁ። አጠገቤ የምትኖረው ሞግዚት ቀን ቀን ልትይዝልኝ ተስማምታለች፤ ትምህርት ቤትም አስመዝግቤያታለሁ። ይህን ሁሉ ያገኘሁት ሳልንቀሳቀስ ነው።

ሰጥተሽን ሄድሽ ያሉት ሐሰት ነው። አልሰጠሁም። "እስክትደላደዪ እኛ ጋ ትቆይ" ያሉኝ እርስዎ ነዎት፤ ጣቢያው ላይ፣ ሻንጣዬን እያነሱልኝ። ይኸው ተደላደልኩ። መደላደሌ ነው እንዴ ያስቆጣዎት?

አንድ ነገር ሳልነግርዎት ባልፍ ሆዴ አይችልም። ልጅ ሳለሁ ልብስ ሲለኩኝ አላርፍ ስለምልዎት "እንዝርት" ያሉኝ እርስዎ ነዎት። የግራ ትከሻዬ ከቀኙ ዝቅ ያለ ነው ብለው፣ ሰው እንዳያውቅብኝ በየልብሴ ሁሉ በግራ በኩል ጥጥ ያስገቡልኝም እርስዎ ነዎት። ያን ቀን ክንድዎን ያሳረፉት በዚያው ትከሻ ላይ ነው። ጥጥ አልነበረበትም። አላወቁትም። ከተናገሩት ሁሉ ይልቅ ያ ነው አላስተኛ ያለኝ።

ፈቃዱ ሳያልፍ ካላመጣችኋት እኔ ራሴ እመጣለሁ። ከመጣሁ መመለሻ የለኝም። ክፍሉም፣ አልጋውም፣ ሥራውም ይቀራል፤ እናንተው ጋ ገብቼ ዕድሜ ልካችንን ስንነታረክ እንኖራለን። ይህን ከፈለጉ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ሐምሌ 3

ለእንዝርት፣

ሰላም ነሽ? እኔ ሰላም አይደለሁም።

ደብዳቤሽን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ትከሻሽ ጋ ስደርስ ብድግ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ተከትያት ሄጄ ምን ሆንሽ ብላት ድስቱን እየፈተገች፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታየኝ "እኔ አውቄያት ነበር" አለችኝ።

"መቼ?" አልኳት።

"ገና ክንድህን ስትጥልባት። ትከሻዋ ዘቅዘቅ ሲል።"

ተቀመጥኩ። ቀጠለችና "ልንሄድ ነው ወይስ ልንቀር ነው ብዬ የጠየቅሁህ እንድትሰማህ ብዬ ነው። የልብህን እንደምታወራ አውቅ ነበር። እኔ የምነግርበት አቅም አልነበረኝም" አለች።

እንዝርት፣ እኔ በሕይወቴ እንደዚህ ተናድጄ አላውቅም። አንቺ ሰማሽኝ ብዬ የተቆጣሁት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከገዛ ሚስቴ ጋር ሽርሽር ወጥቼ፣ እሷ በእኔ አፍ መልእክት ስታስተላልፍ ውላለች። ጀልባው ላይ ስንጨፍር ከሳቋ ብዛት እንባዋ ይወርድ ነበር፤ በመሀረቤ ጠረግሁላት። ከሳቅ የመጣ ነበር የመሰለኝ። "ዛሬ ደስ ብሎሻል" አልኳት። "በጣም" አለችኝ። እንግዲህ ያን ሁሉ ቀን ብቻዬን ነው የተጫወትኩት።

ካወራን ሰንብተናል። ምሳዬን ታቀርብልኛለች፣ በልቼ ሳህኑን እመልሳለሁ። የምንፈልገውን የምንነጋገረው በድንቡሼ በኩል ነው። "አባባን መብራቱን አጥፋ በይው" ትላታለች፤ ድንቡሼ መጥታ ትነግረኛለች፤ እኔም "ራሷ ታጥፋው በያት" እላለሁ። መጀመሪያ ጨዋታ መስሏት ትስቅ ነበር። ትናንት ግን መሀል ቤቱ ላይ ቆመችና "የምትጣሉት በእኔ ነው እንዴ?" አለች።

አንቺንም ይቅር አላልኩሽም። ዕቃ ነሽ ማለቴ ልክ አልነበረም፤ ሰሚ ጆሮሽ ግን አሁንም ያናድደኛል። ትከሻሽን አለማወቄ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያናድደኛል። መንገድ ላይ የማያውቁኝን ሰዎች ልብስ እያየሁ እጅጌው ረዝሟል፣ ወገቡ ጠቧል የምል ሰው ነኝ። ራሴን ምን ልበለው?

ለድንቡሼ ኮት እየሰፋሁ ነው። ወፈር ያለ ጨርቅ ነው፤ እጅጌውን ለሚቀጥለው ዓመት እንዲሆናት አስረዝሜዋለሁ። እናንተ አገር ብርዱ ይጠነክራል አሉ። ምን ማለቴ እንደሆነ አትጠይቂኝ። ሌላውን ባለቤቴ ትጽፍልሽ። በሌላ ሰው አፍ መሆን በቃኝ።

አጎትሽ


ሐምሌ 11

ለእንዝርት፣ ከእትዬሽ፣

ደብዳቤ የሚጽፈው ሁልጊዜ እሱ ስለሆነ የእጅ ጽሑፌን አታውቂው ይሆናል። ዓይኔ ስለደከመ ፊደሌ ቢተልቅ አትሳቂብኝ። ደህንነትሽን እመኛለሁ፤ ይህን ከልቤ ነው የምልሽ፣ የቀረውን ሁሉ በንዴት ነው።

አዎ፣ አውቄሻለሁ። ይቅርታ አልጠይቅሽም። ወይ ሰምተሽ ተስፋ ትቆርጫለሽ፣ ወይ ከሳጥንሽ ወርደሽ ፀጉሬን ትነጪኛለሽ ብዬ ነበር። በየትኛውም ይገላግለናል አልኩ። አንቺ ግን ጃንጥላሽን ይዘሽ ቆምሽ። ዓይንሽ ብቻ እኔ ላይ መጣ። ያንን ዓይን መቋቋም ስላቃተኝ ነው አጎትሽን እየጎተትኩ የሮጥኩት።

እኔ ልጅ አልወለድኩም። ይህን ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አያነሳብኝም። ድንቡሼን ስትሰጪኝ አደራ መሆኑ አልጠፋኝም። ግን ሌሊት ስታስል አንቺ አልነበርሽም። ፀጉሯን ስጎነጉናት አንቺ አልነበርሽም። ሥራ ላይ ነበርሽ፣ አውቃለሁ። ማወቄ ንዴቴን አላበረደውም።

አሁን የሚሆነውን ልንገርሽ። የሐምሌ የመጨረሻው ሐሙስ በአውቶቡስ እንነሳለን፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እንደርሳለን። ይዣት የምመጣው እኔ ነኝ። አውቶቡሱም ቢያጥወለውለኝ እችለዋለሁ። እሱ ጉልበቴ አሞኛል ብሎ ይቀራል። ጉልበቱ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ እሺ ብዬዋለሁ። ኮቱን ጨርሶ ሰቅሎታል፤ በሙቀቱ አስለብሶ መስታወት ፊት ሲያቆማት ነው የሚውለው። ትናንት ማታ ራት ላይ በራሱ አፍ "ጨው አቀብዪኝ" አለኝ። አቀበልኩት።

ጣቢያው ላይ ፊትሽን ታጥበሽ ጠብቂን። የምትወደው ዳቦ በወተት ነው፣ ቅርፊቱ ይነሳላት። ጨለማ ትፈራለች፤ አልፈራም ብትልሽ አትመኛት። ስትቆጪያት ወዲያው አታለቅስም፤ ቆይታ፣ ብቻዋን ሆና ታለቅሳለች፤ ስለዚህ ከተቆጣሻት በኋላ ሂጂና እያት።

አንድ ነገር ደግሞ ጣቢያው ላይ ከምትሰሚው አሁን እወቂው። በስልክ ስትደውዪ "እማዬ" የምትልሽ እኔ ጆሮዋ ሥር እያንሾካሾክሁላት ነው። ስልኩ ሲዘጋ እማዬ እኔ ነኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ እንደዚያ ነው፤ እንድትተወው አላደረግሁም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ዓርብ ከአውቶቡስ ስንወርድ ሕዝቡና ግርግሩ ያስደነግጣታል፣ እኔም ሻንጣውን ላወርድ እጇን ስለቃት "እማዬ" ብላ ትጣራለች። የምትጣራው እኔን ነው። አንቺ ወዬ በያት። እኔ አልመልስላትም።

እትዬሽ